ዝናብ የሚበላው ግንብ

ከታሽኬንት ወደ ኪቫ፣ ባቡር ላይ፣ ጁን 13

ጭኔ ላይ ሁለት ጥቅል ደብዳቤ አለ። አንዱ ማትኒያዝ አጋ ለኔ የጻፉልኝ ነው። ሁለተኛው እኔ ለእሳቸው የጻፍኩት ሲሆን መልሰው ልከውልኝ ትናንት ደርሶኛል። አጋ በኛ በኪቫ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ የሥጋ ዘመዴ ግን አይደሉም። ጎረቤታችን ናቸው፣ የጭቃ ግንብ መራጊ፣ በዘጠኝ ዓመት ይበልጡኛል። እኔ ሻናዛር ታሽኬንት ውስጥ ውል እየተረጎምኩ የምኖር የቢሮ ሰው ነኝ።

ስልክ የላችሁም ወይ የሚል አይጠፋም። አለን። ማትኒያዝ አጋ ግን "ስልክ ላይ ግንብ አይሳልም" ስለሚሉ የምንጻጻፈው በወረቀት ነው፤ የሚያመላልስልንም የባቡሩ ተቆጣጣሪ ነው። አንዳንዱ ደብዳቤ ጠፍቷል፣ ሁለቱን እኔው በንዴት ቀድጃቸዋለሁ። መንገዱ ረጅም ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ የዋሸሁበት ቦታ ሁሉ ላይ እውነቱን እየጻፍኩ እሄዳለሁ፣ ኪቫ ስደርስ አፌ ሌላ ነገር እንዳያወራ።

*

ኪቫ፣ ማርች 4

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሻናዛር፣

እንዴት ከርመህልኛል? እኛ ደህና ነን፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ብርዱን ግን እኛ ጋ ረስቶት ሄዷል። እናትህም ደህና ናቸው። ትናንት የምድጃቸውን ጢስ መውጫ ልጠርግላቸው ብሄድ "ሻናዛር ከስቷል ወይ?" ብለው እኔን ይጠይቁኛል። "የት አይቼው?" ብላቸው "አንተ የማታውቀው የለም ብዬ ነው" አሉኝ። የላክኸው ሻይ ደርሷል። እኔም የተጎነጎነ የደረቀ ሜሎን ልኬልሃለሁ፤ ተቆጣጣሪው መንገድ ላይ ካልቀነሰው ሁለት ጉንጉን ነው።

ስለ ትከሻዬ ለጠየቅኸኝ፦ ከመሰላሉ ከወደቅሁ ወዲህ ቀኝ እጄ ከደረቴ በላይ አልወጣም ብሏል። ሐኪሙ "ይታገሡ" ይለኛል። እኔስ እታገሣለሁ፣ ግንብ ነው የማይታገሠው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያን አዲሱን የጥንት ከተማና ጦርነት የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠሩት ሰዎች "ምን እንዲኖርበት ትፈልጋላችሁ?" ብለው ዓለሙን ሁሉ እየጠየቁ ነው፣ ተጫዋቹም ድምፅ ይሰጣል ብለህ መጻፍህ እንቅልፍ ነሳኝ። ኦታ ዳርቮዛ በር አጠገብ በነበረው ኮምፒውተር ቤት ስንጫወት ትዝ ይልሃል? አንተ ፈረሰኛ ታበዛለህ፣ እኔ ግንብ። "አጋ፣ አንድ ቀን እንኳ ወጥተው ይውጉኝ እንጂ!" እያልክ ትጮህ ነበር። አልወጣሁም። አንተም አልገባህም።

በነዚያ ጨዋታዎች ግንብ አንዴ ከቆመ ቆመ ነው። ድንጋይ ካልተወረወረበት መቶ ዓመት ይኖራል። ይህን የሠራው ሰው ጭቃ ነክቶ አያውቅም። የኛን ግንብ የሚያፈርሰው ጠላት አይደለም፣ ማርች ነው። በረዶው ይቀልጣል፣ ዝናቡ ይልሰዋል፣ በየዓመቱ የጣት ውፍረት ያህል ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ የኔ ፍላጎት ይህ ነው፦ ጨዋታው ውስጥ ዝናብ ግንብ ይብላ። ንጉሡ በየጸደዩ ካላስመረገው፣ ጠላት ሳይመጣ በራሱ ጊዜ ይውደቅ።

መራጊውም በወርቅ አይገዛ። እኛ ሐሻር እንደምንለው በደቦ ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጨዋታው ማን ለማን ደቦ እንደወጣ ያስታውስ፤ ለሰው ያልወጣ ንጉሥ ሲጠራ ማንም አይምጣለት። በመጨረሻ የሰፈራችንን ሕግ አስገባልኝ፦ ከደቦ የቀረ ሰው አይሰደብም፣ አይቀጣም። ድርሻው ብቻ ሳይመረግ ይተዋል። አላፊ አግዳሚው ያየዋል።

ሥዕሉ ከጀርባ ነው። ጣት እንዴት እንደሚሄድ እንዲገባቸው እጄን ጭቃ ነክሬ አትሜበታለሁ።

አትሳቅብኝ፣ ሻናዛር። ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሚንቶ ነው የሚለጥፈው። ሲሚንቶ ከሥሩ ያለውን ጭቃ አንቆ ይገድለዋል፣ ማን ይስማኝ? ከኔ በኋላ ጭቃ አሽትቶ "ደርሷል" የሚል ሰው የለም። ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ ጨዋታ ውስጥ ይቀመጥልኝ። የምለምንህ ይህንኑ ብቻ ነው።

ወንድምህ ማትኒያዝ

*

ታሽኬንት፣ ማርች 15

ለተከበሩ ማትኒያዝ አጋ፣

ጤናዎ እንደምን ይዞዎታል? ሜሎኑ ደርሷል፣ ሁለቱም ጉንጉን። ቢሮው ሁሉ ቀመሰው።

ሐሳብዎን በጣም ወድጄዋለሁ። አንድም ሳልጥል ቃል በቃል ተርጉሜ አስገብቼዋለሁ። የኔንም አርባ አንድ ፍላጎቶች አስገብቻለሁ፦ እሳት የሚፈራ ዝሆን፣ ነጋዴ መስሎ የሚገባ ሰላይ፣ የነገሥታት ጋብቻ፣ የጉድጓድ ውኃ መመረዝ፣ ሌላም ሌላም። የሃያ ዓመት ምኞቴን ነው የጻፍኩት። ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ሰው ስሙ በጨዋታው ዋና በር ላይ ይቀረጻል ይላሉ።

ለጸደይ በዓላችን ለኖውሩዝ መምጣት እንደማልችል ለእናቴ ይንገሩልኝ። ቢሮው አልለቀቀኝም። የግንባችን ደቦ ላይ ባለመገኘቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሻናዛርዎ

በቀይ፦ ሜሎኑን ብቻዬን በላሁት። ቢሮውም ለቆኝ ነበር፤ ፈቃዱን ወስጄ ቤቴ ተቀምጬ አርባ አንዱን ሳሳምር ዋልኩ። "አንድም ሳልጥል" ያልኩት ደግሞ ዋናው ውሸት ነው። ደብዳቤያቸውን አንብቤ ከአርባ አንዱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሃያ ዓመት ያሰብኩበት ነገር አለኝ፣ እሳቸው ግን አንድ ቀን ቁጭ ብለው ከኔ አርባ አንድ የሚበልጥ ጻፉ። ወዲያው ነው የገባኝ፤ ባይገባኝ ኖሮ ባልቀናሁ። ስለዚህ ደቦውን "አዝራር ሲጫኑ ገበሬዎች በነፃ ይሠራሉ" ብዬ ተረጎምኩት፣ ማንም እንዳይወደው። ስለቀረው ሰው ድርሻ የሚለውን ጨርሶ አላስገባሁትም። ቦታ አልበቃኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሥዕሉን ግን ላክሁት፤ ጭቃ የነካው ወረቀት ማንን ይማርካል ብዬ።

*

ኪቫ፣ ኤፕሪል 2

ይድረስ ለሻናዛር፣

እንኳን ለአዲሱ ጸደይ አደረሰህ። ሁላችንም ሰላም ነን። በሁለተኛው ደብዳቤህ ለጠየቅኸኝ በተርታ ልመልስ።

"ግንቡ የድንጋይ ቢሆን አይሻልም?" ላልከኝ፦ ለማን ነው የሚሻለው? ድንጋይ ሰው አይፈልግም። "ዝሆን ለምን አይጨምሩበትም?" ላልከኝ፦ ዝሆን አይቼ አላውቅም። ያላየሁትን አላዝዝም። ጭቃው በስንት ቀን ይደርሳል ላልከኝ፦ ከጭዱ ጋር ተረግጦ ሦስት ቀን ይቦካል። ሲደርስ ይሸታል፣ እጅ ላይ አይጣበቅም። አምስት ቀን ካለፈው ግን ጭዱ ይበሰብሳል፣ መጣል ነው።

የናንተ ቤት ደቦ አማረ። አሥራ አራት ሰው ወጣ። እናትህ በትልቁ ብረት ድስት የሩዝ ፒላው ሠሩ፣ ሥጋውን ለኔ እያደሉ አሳሙኝ። እኔ እንደ ሹም ቆሜ አዘዝኩ፤ ትከሻዬ ስለማይሠራ አፌ ሠራ። "የታሽኬንቱስ ሰውዬ?" አለ አንዱ መሰላል ላይ ሆኖ። ሌላው ቀበል አድርጎ "እሱማ እዚያ ወረቀት እየመረገ ነው!" አለ። ሳቅን። እናትህም ሳቁ፣ ኋላ ግን ገብተው ቶሎ አልወጡም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በደብዳቤ የሚባል አይደለም፣ ስትመጣ ታየዋለህ።

የግንቤ ነገር ምን ደረሰ? ስንት ሰው ወደደው? አፍሬ ነው እስካሁን ያልጠየቅኩህ።

ማትኒያዝ

*

ታሽኬንት፣ ኤፕሪል 20

ለተከበሩ ማትኒያዝ አጋ፣

ለእናቴ ስላደረጉላት ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ልጇ ሆኜ ያላደረግኩትን እርስዎ አደረጉ።

የግንቡን ነገር ስጽፍልዎ ከልቤ እያዘንኩ ነው። ዘጠኝ ድምፅ ነው ያገኘው። ሰው የሚፈልገው ጦርነት ነው፣ ጭቃ የሚገባው የለም። የኔ ዝሆን ግን በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው፣ ተመስገን።

እርስዎ አይዘኑ። ዓለም እንዲህ ናት።

ሻናዛርዎ

በቀይ፦ "ልጇ ሆኜ ያላደረግኩትን" የሚለው አንዱ እውነት ነው፤ እሱንም ቢሆን በምስጋና ቀብቼ ጻፍኩት። በልቤ የነበረው፣ የገዛ እናቴን እንኳ ወሰደብኝ የሚል ነው። የቀረው ሁሉ ውሸት ነው። ግንቡ በዚያ ቀን አራት ሺህ ድምፅ አልፎ ነበር። ያበላሸሁትን ትርጉም ማንም አላየውም፤ ሥዕሉ ትርጉም አልፈለገም። የእጃቸውን አሻራ አጉልተው "ይህ እጅ የማን ነው?" እያሉ ይጠያየቃሉ። አንዱ "በጨዋታ ውስጥ እርጥበት ሸቶኝ አያውቅም፣ ይሄ ሸተተኝ" ብሎ ጻፈ። ዝሆኔ ስድስት ድምፅ አለው፣ አንዱ የኔ ነው። በየቀኑ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው ያን ቁጥር ነበር፤ ከፍ ባለ ቁጥር ዓይኔ ደም ይለብሳል። ይወርዳል ብዬ ነበር የማየው።

*

ኪቫ፣ ሜይ 6

ይድረስ ለወንድሜ ለሻናዛር፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ስለ ዝሆኑ እንኳን ደስ ያለህ! ለእናትህ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። "ልጅዎ ዓለም ላይ ድምፅ እያገኘ ነው" ብላቸው "ምን ዓይነት ድምፅ?" አሉኝ። ማስረዳት አቃተኝና "የዝሆን" አልኳቸው። ይኸው ሰፈሩ ሁሉ ሻናዛር ታሽኬንት ውስጥ ዝሆን ገዛ እያለ ያወራል። ስትመጣ ራስህ ታስተባብላለህ።

የኔን ተወው። ዘጠኝ ሰውም ሰው ነው። ያን ዕለት ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ደብዳቤህን አጥፌ ወደ ከተማው ግንብ ሄጄ ብዙ ቆምኩ። ማንም የማይፈልገውን ነገር ነው ወይ ሠላሳ ዓመት ስነካ የኖርኩት አልኩ። ባለቤቴ መጥታ "ራትህ ቀዘቀዘ" ብላ ወሰደችኝ።

ለጁን አንድ ሰው ግቢውን ሊያስመርግ ጠርቶኝ ነበር። ትቼዋለሁ። እጄን ከፍ አድርጌ መምረግ አልችልም፣ ማስተማር ደግሞ የሚማር ይፈልጋል። መሣሪያዎቼን ጠርጌ ሰቅያቸዋለሁ።

ስለኔ አታስብ። የዝሆኑን ነገር ጻፍልኝ፣ እሱ ያስደስተኛል።

ማትኒያዝ

*

ታሽኬንት፣ ሜይ 24

ለተከበሩ ማትኒያዝ አጋ፣

ሥራ ስለበዛብኝ ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። አዲስ ነገር የለም። መሣሪያዎን ባይሰቅሉ መልካም ነበር። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ሻናዛር

በቀይ፦ "አዲስ ነገር የለም" ብዬ በጻፍኩበት ጠረጴዛ ላይ የጨዋታው ሠሪዎች ደብዳቤ ተዘርግቶ ነበር። ግንቡ አሸንፏል። የሚሉት ይህ ነው፦ ሰውየው ፈቃዱን ፈርሞ ይላክልን፤ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ይንገረን፤ ጭቃው ከመሬት እስከ ግንቡ ጫፍ ሲመረግ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይጨምርበት። እስከ ጁን 18 ካልደረሰን ጨዋታውን ያለ እሱ እንዘጋዋለን፣ ግንቡ እንደ ድሮው ይቀራል።

ቀኑ እንዲያልፍ ፈለግሁ። ምንም ክፉ ነገር አላደረግኩም ማለት እችል ነበር፤ ዝም ነው ያልኩት። አንድ ቀን ግን ዝም ከማለትም አለፍኩ። "ሐሳቡ የኔ ነው፣ እጁም የኔ ነው" ብዬ መልስ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት እጄን አየሁት። እናቴ ሁልጊዜ እንደምትለው ለስላሳ ነው። ያን ወረቀት ቀደድኩት፣ ደብዳቤውን ግን ከመሳቢያው አላወጣሁትም። እዚያው ዋለ፣ አደረ።

*

ታሽኬንት፣ ጁን 6

ማትኒያዝ አጋ፣

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልደፈረም፣ ስለዚህ በቀጥታ እገባለሁ።

ዋሽቼዎታለሁ። ዘጠኝ ሰው አይደለም የወደደው። ሲዘጋ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ወዶታል፤ ከገባው ሐሳብ ሁሉ አንደኛ ነው። የኔ ዝሆን ስድስት ነው ያገኘው። ደቦውን ሆን ብዬ አበላሽቼ ተርጉሜዋለሁ። ስለቀረው ሰው ድርሻ የጻፉትን አውጥቼ ጣልኩት፣ እኔን ነው የተናገረኝ ብዬ። ሠሪዎቹ ከጻፉልዎ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ትርጉሙን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፣ አሁን በትክክል ነው የተረጎምኩት። የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

ለምን አይበሉኝ። ቀናሁ። የዛሬ አይደለም። ኮምፒውተር ቤት ግንብዎን ዘልዬ መግባት ካቃተኝ ቀን ጀምሮ እቀናለሁ። እናቴ "ማትኒያዝ መጣ" ስትል ድምጿ በሚለወጠው እቀናለሁ። ወድቀው ትከሻዎ ሲጎዳ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አሁን ትንሽ እኩል ሆንን አልኩ። አልሆንንም። መሣሪያዎን መስቀልዎን ሳነብ ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምግብ አልበላ አለኝ።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ፈርመው ይላኩት ብቻ።

ሻናዛር

በቀይ፦ እዚህ ላይ የማስተካክለው የለኝም።

*

ኪቫ፣ ጁን 11

ለተከበሩ አቶ ሻናዛር፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እኛ ደህና ነን። እናትዎም ደህና ናቸው፤ ለእሳቸው የነገርኳቸው ነገር የለም፣ ለባለቤቴም አላነበብኩላትም።

ፈቃዱን ፈርሜ ልኬልዎታለሁ። ስም በሚለው ቦታ ላይ የኔን ጽፌአለሁ፤ በትልቁ ነው የጻፍኩት። ትሕትና ከኔ አይጠብቁ። አምስት ሺህ ሰው ያየው እጅ የኔ ነው፣ የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅም። የጣሉትንም የቀረ ሰው ድርሻ መልሰው እንዲያስገቡልኝ እጠይቃለሁ። ያ ከሌለ ግንቡ ግንብ አይሆንም።

ዘጠኝ ብለው በጻፉልኝ ዕለት የቆምኩበትን ቦታ አልረሳውም። ትከሻዬ ሲሰበር እንደዚያ አላመመኝም። ይህን የምጽፈው እንዲያውቁት ብቻ ነው።

ደብዳቤዎችዎን መልሼልዎታለሁ። ቤቴ እንዲቀመጡ አልፈለግሁም፣ ማቃጠሉም አልሆነልኝ።

አሁን የቪዲዮው ጉዳይ። ከመሬት እስከ ጫፍ ይታይ ብለዋል። የሚመረግ ግንብ ደግሞ በሰፈሩ ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው። እናትዎ ግቢ፣ ከበሩ በስተግራ፣ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ያህል ከማርች ጀምሮ ሳይመረግ ቆሟል። በደቦው ዕለት ሰዎቹ ሊጨርሱት ሲሉ "ተዉት፣ ባለቤት አለው" ያልኩ እኔ ነኝ። እናትዎ በየቀኑ ያዩታል፣ አንድም ቀን ምርጉልኝ ብለው አያውቁም። በደብዳቤ አይባልም ያልኩዎትም ይኸው ነበር።

ከደረቴ በታች ያለውን እኔ እመርገዋለሁ፣ ለዚያ እጄ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው አይደርሰኝም፣ ሌላ ሰውም አልጠራበትም፤ ድርሻው የሌላ ሰው አይደለም። ጭቃውን ዛሬ ጠዋት ከጭዱ ጋር ረግጠነዋል። የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ከአምስተኛው አያልፍም።

ና።

ማትኒያዝ

በቀይ፦ "በትልቁ ነው የጻፍኩት" የሚለው ጋ ስደርስ በቀይ አሰመርኩበት፤ ባቡሩ ከኪቫ በፊት ያለችውን የኡርጌንች ከተማ አልፏል፣ ቅናቴ ግን አልወረደም፣ አብሮኝ ነው። በእርስዎ ጀምረው በእርስዎ ሲወርዱ ያችን "ና" የምትል አንዲት ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። መሰላል መውጣት አልለመድኩም። ጭቃው ሦስት ቀን የሚሞላው ነገ ነው።